ዘሀራን ለማምጣት ወደ መካነ ሰላም

ከደሴ ተነስቶ ወደ ምዕራብ ደጋውን የሚያቋርጠውን መንገድ አብዛኞቻችሁ አላያችሁትም። እኔም ድሬዳዋ ተወልጄ፣ ድሬዳዋ አድጌ፣ ዝውውር ደሴ ባያመጣኝ ኖሮ የመካነ ሰላምን ስም ከመስማት አላልፍም ነበር። በነሐሴ ጭጋግ፣ በአንድ ቦርሳ ፋሻና የቁስል ጋዝ፣ በሌላው ሹራብ ይዤ የሄድኩት የላከኝ ኖሮ አይደለም። ፈቃድ ጠይቄ፣ አንዲት ሴት ፍለጋ ነው የወጣሁት።

የኩላሊት እጥበት ክፍል ነርስ ነኝ። ዘሀራ ታካሚያችን ናት። በዕድሜ ብትበልጠኝም «እትዬ አትበይኝ፣ እርጅና ይጠራብኛል» ብላ ስለከለከለችኝ አንቺ ነበር የምላት። አገሯ መካነ ሰላም አጠገብ ነው። እጥበት እዚያ ስለሌለ ባሏን፣ ልጇንና ከብቶቿን ትታ ደሴ አንዲት ክፍል ተከራይታ ብቻዋን ትኖር ነበር። እኔም ብቻዬን ነው የምኖረው። ማሽኑ ደሟን እያጠበ በሚቆይባቸው ሰዓታት እሷ ስለ አገሯ፣ እኔ ስለ ድሬ ስናወራ ኖረናል። እውነቱን ለመናገር ደሴ ውስጥ የምትናፍቀኝ፣ ስቀር የምትጠይቀኝ እሷ ብቻ ነበረች።

ዘንድሮ ጭኗ ላይ ሐምራዊ መረብ የመሰለ ነገር ወጣባት። ሰንበት ብሎ እንደ ከሰል ጠቆረና ቆሰለ። ኩላሊት ሥራውን ሲያቆም ከደም መውጣት የነበረበት ፎስፈረስ ይከማቻል። እሱ ከካልሲየም ጋር ተጣምሮ ቆዳ ሥር ያሉትን ቀጫጭን የደም ሥሮች ያደነድናቸዋል። ደም የማይደርሰው ቆዳ ይሞታል። ሕመሙ ግን አይሞትም። ነጠላ ሲነካት የምትጮኽ ሴት ሆነች። ዶክተሩ ካልሲየም ያለበትን እንክብሏን አስቆመ፤ የእጥበት ቀኗን ጨመረ፤ ቁስሏን እኔ አጥብላት ነበር። ታዮሰልፌት የሚባል፣ በእጥበቱ ማብቂያ ላይ በደም ሥር የሚንጠባጠብ መድኃኒት እንዳለ ነገረን። እኛ ፈልገን አጣነው። ከውጭ የሚመጣ ሰው እንዲይዝልን ተለምኖ ስንጠባበቅ ዘሀራ ከእጥበቷ ቀረች። ቀጣዩንም ቀረች። አከራይዋ «ባሏ መጥቶ ወሰዳት» አሉኝ። መድኃኒቱ የደረሰው ይሄኔ ነው። የእሷም የባሏም ስልክ አይሠራም።

እጥበት ያቆመ ሰው ብዙ እንደማይቆይ አውቃለሁ። ዘሀራ ጥቂት ሽንት ስለነበራት ትንሽ ትቆያለች ብዬ ነው ተስፋ ያደረግሁት።

ሐሙስ

ከደሴ መናኸሪያ ማለዳ ተነሳን። ሚኒባሱ ዳገቱን እየጎተተ ሲወጣ ጭጋጉ እየወፈረ መጥቶ መስኮቱን ወተት የተደፋበት አስመሰለው። ድሬ ሰማዩ ሁልጊዜ ክፍት ነው፤ ከሩቅ የሚመጣውን ሰው በአካሄዱ ትለየዋለህ። እዚህ ግን አጠገቤ የሚያልፈውን በሬ እንኳ ያየሁት ቀንዱ መስታወቱን ሊነካ ሲል ነው።

ብዙ ሳንሄድ አንድ ነገር ተንጫጫና መኪናው ቆመ። የሞተሩ ቺንጋ ተበጥሷል። ሹፌሩ አዲስ ሊያመጣ በሌላ መኪና ተሳፍሮ ሄደ፣ እኛ ወርደን መንገዱ ዳር ቆምን። ተሳፋሪዎቹ ወዲያው ሁለት ሁለት፣ ሦስት ሦስት ሆነው ወሬ ጀመሩ። ሁሉም የሚተዋወቁ ይመስሉ ነበር። እኔ ቦርሳዬን አቅፌ ቆሜ ስንቀጠቀጥ አንድ ሽማግሌ መጥተው ጋቢያቸውን አለበሱኝ።

«እርስዎስ?» አልኳቸው።

«እኔ የብርድ ልጅ ነኝ፤ አንቺ ግን የቆላ ሰው ነሽ፣ ያስታውቅሻል» አሉ፤ ከዚያ ወደ ወሬያቸው ተመለሱ።

ቺንጋው ተቀይሮ አቀስታ የገባነው ቀኑ ሊመሽ ሲል ነው። ወደ መካነ ሰላም የሚሄድ መኪና አልቋል። አልጋ ያከራየችኝ አስካለ የምትባል ሴት ናት፤ ማተብ ያሰረች፣ ድምፅዋ ወፍራም። ራት ድንች ወጥ በገብስ እንጀራ አቀረበችልኝ። ድሬ በዚህ ሰዓት ሰው ገና ከቤት መውጣቱ ነው። ወንበር ይወጣል፣ አልጋ ሳይቀር ግቢ ውስጥ ይዘረጋል፣ ጎረቤት ከጎረቤት በአጥር ይጨዋወታል። አቀስታ ግን ጀምበር ስትጠልቅ በሩ ሁሉ ተዘጋ፣ መንገዱ ባዶ ሆነ። አልጋው ላይ እጄን ባሳርፍ ውኃ የነካው ያህል ቀዘቀዘኝ።

አስካለ የበግ ጠጉር ባና ተሸክማ ገባች። ከራሷ አልጋ ላይ ያነሳችው ነው።

«ማን ዘንድ ነው የምትሄጅው?»

«ታማሚ አለችኝ።»

«እህትሽ ናት?»

«አይ፣ የማስታምማት ሰው ናት።»

ቆም ብላ አየችኝ። «ዘመድሽ ላልሆነች ሰው በነሐሴ! አብሽሪ እቴ፣ ደርሰሽ ታገኛታለሽ።»

«አብሽሪ» የሚለውን የሙስሊሞች «አይዞሽ» ከዘሀራ ነበር የማውቀው። ማተብ ያሰረችም እንደምትለው ያን ቀን አየሁ። ባናው ከብዶኝ፣ የበግ ጠረን እያሸተትኩ፣ እግሬ ሳይሞቅ እንቅልፍ ወሰደኝ።

ዓርብ

ጧት የተሳፈርንበት መኪና ተጠቅጥቆ ስለነበር ብርዱ ተረሳኝ። የለጋምቦ ማሳ በጭጋጉ ቀዳዳ ብቅ እያለ ይጠፋል። አረንጓዴ ገብስ፣ የድንጋይ አጥር፣ እንደገና ነጭ። ወደ መካነ ሰላም ስንቃረብ አየሩ ለስለስ አለ፤ ጸሐይም ታየች።

የገባሁት በጁምዓ ሰዓት ነው። ብዙው ሱቅ ተዘግቷል። ሰው ሁሉ የሚሄድበት አለው። አንድ የተዘጋ ሱቅ ደረጃ ላይ ተቀምጬ እስኪመለሱ ጠበቅሁ። ያኔ ነው «ደርሼ ሞታ ቢሆንስ?» የሚለው ሐሳብ በደንብ የመጣብኝ። ብትሞት ለማን ነው የምነግረው? የምደውልለት ሰው ባስብ ባስብ አጣሁ። እናቴ ካረፈች ወዲህ የድሬው ቤታችን ተቆልፏል።

ዘሀራ ድሮ ስታጫውተኝ «አገሬ ከመጣሽ እህል ተራ ገብተሽ የይማምን ቤት ጠይቂ» ብላኝ ነበር። ከሰላት በኋላ እህል ተራ ገባሁ፤ ገብቼም ጭቃው አንሸራቶኝ በጀርባዬ ተዘረርኩ። ቦርሳው ከእጄ አመለጠና አንዲት ሴት ፊት ካለ የጤፍ ጆንያ ሥር ተንከባለለ። ሴትዮዋ መጀመሪያ ሳቀች፣ ቀጥላ በነጠላዋ ጀርባዬን ጠረገችልኝ። ፋሻው በላስቲክ የተጠቀለለ ስለነበር አልተበላሸም።

ማንን እንደምፈልግ ስነግራት ሳቋ ጠፋ።

«የአያ ይማምን ሚስት? እኛ ሰፈር ናት እኮ። ሙሐባ እባላለሁ።»

«አለች?» አልኳት።

«አለች፣ አልሐምዱሊላህ። ግን ድምፅዋ ውጭ ድረስ ይሰማል። የሚያልፈው ሰው ጆሮውን ይይዛል።»

ያኔውኑ እንሂድ ብላት፣ መንገዱ ሩቅ ነው፣ ጎርፍም ይሞላል፣ ማለዳ በበቅሎ አደርስሻለሁ አለችኝ። ከተማ ውስጥ ያለች ታናሽ እህቷ ቤት ይዛኝ ገባች። ቀሚሴን አጠቡልኝ፣ የራሳቸውን አለበሱኝ፣ ለእነሱ ራት ከተሰናዳው ሥጋውን ወደ እኔ ገፉ። ሁሉም ደግ ነበሩ። ቢሆንም የሰው ቀሚስ ለብሼ፣ የማላውቃቸው ሰዎች ስለማላውቃቸው ሰዎች ሲያወሩ እያዳመጥኩ፣ እንደዚያ ቀን ብቻዬን የሆንኩበትን ቀን አላስታውስም።

ቅዳሜ

በቅሎ ተቀምጬ አላውቅም። ድሬ ግመል ሲያልፍ እናያለን እንጂ ማን ይወጣበታል። ቁልቁለቱ ላይ ዓይኔን ጨፍኜ ኮርቻውን ጨብጬ ስሄድ ሙሐባ በእግሯ ከፊቴ እየመራች «አትፍሪ፣ እሷ ካንቺ ይበልጥ መንገዱን ታውቃለች» ትለኛለች።

የዘሀራን ድምፅ ከቤቱ በፊት ሰማሁት። ሙሐባ ያለችው እውነት ነበር።

ባሏ አያ ይማም በር ላይ ተቀበሉኝ። ረዥም፣ ቀጭን፣ ከስንት ቀን ጀምሮ እንዳልተኙ ዓይናቸው የሚናገር ሰው ናቸው። ሲስተር መሆኔን ሲሰሙ እጄን ይዘው አልለቀቁም። ዘሀራ ግድግዳውን ተደግፋ ተቀምጣለች። መጋደም አትችልም፤ ከሰውነቷ ያልወጣው ውኃ ሳንባዋን ይዞታል፣ ፊቷም አብጧል። ስታየኝ ጩኸቷን አቋረጠች።

«ሲስተርዬ! ማን አመጣሽ?»

«ራሴ መጣሁ።»

«ብቻሽን?» አለችና አለቀሰች።

መጀመሪያ ቁስሏን ማየት ነበረብኝ። ይማም ማር ቀብተው በንጹሕ ጨርቅ ሸፍነውታል። ማሩ አልጎዳም። ጨርቁ ግን ደርቆ ከቁስሉ ጋር ተጣብቋል፣ በለወጡት ቁጥር ይቦጭቃታል። ዶክተሩ አዞልኝ ይዤ ከመጣሁት የሞርፊን ሽሮፕ በጣም ጥቂት ሰጠኋት። ኩላሊቱ የማይሠራ ሰው ሞርፊን ቶሎ አይወጣለትም፤ በጥቂቱ፣ አራርቆ ነው። ምራቷ ሰኢዳ ውኃ በጨው አፍልታ አቀዘቀዘች። ሽሮፑ እስኪይዛት ጠብቀን ጨርቁን በዚያ ውኃ አራስነው፤ አራስነው፤ ራሱ እስኪለቅ። ጥቁሩን ሥጋ አልነካሁትም። ለሽታው የያዝኩትን ዱቄት ነሰነስኩ፣ ቫዝሊን ያለውን ጋዝ አለበስኩ፣ በላዩ ፋሻውን አላልቼ ጠመጠምኩት።

ስጨርስ ቤቱ ጸጥ አለ። ዘሀራ በተቀመጠችበት አንገቷ ዘንበል ብሎ ተኝታለች። ሰኢዳ አፏን በእጇ ይዛ ቆመች። አያ ይማም ወጥተው ከጓሮ በኩል ሲያለቅሱ ሰማናቸው።

ከቀትር በኋላ ነቃች። ያኔ ነገርኳት።

«መድኃኒቱ መጥቷል ዘሀራ። ደሴ አስቀምጠንልሻል። ልወስድሽ ነው የመጣሁት።»

«ያድናል?»

«ቁስሉን ሊያደርቅ፣ ሕመሙን ሊቀንስ ይችላል። ሁሉንም ሰው አይረዳም። ሲረዳም ወራት ይፈጃል።»

«ኩላሊቴንስ?»

«እሱን አይመልሰውም።»

አያ ይማም ጣልቃ ገቡ። «በቃሬዛ አወጣታለሁ! ሰፈሩ ሁሉ ይሸከማታል፣ አስፋልቱ ድረስ እናደርሳታለን። ዛሬውኑ ልናገር?»

ዘሀራ እጇን ዘርግታ ልብሳቸውን ያዘች። «ተው ይማም፣ ተቀመጥ።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «ቁስሌ ቢድን ወደዚያች ክፍል ልመለስ ነው አይደል? ያቺን ክፍል አንቺ ታውቂያታለሽ። ሮመዳን መጥቶ ይሄዳል፣ ጎረቤት የላከልኝን ሾርባ ግድግዳ እያየሁ እጠጣለሁ። ልጄ ሲያገባ አልነበርኩም። ሰኢዳን ሙሽራ ሆና አላየኋትም። እዚህ ከገባሁ ወዲህ በስቃይ መሐል እንኳ ሰው በስሜ ሲጠራኝ ይውላል።»

ልከራከራት ነበር የመጣሁት። መንገድ ላይ የምላትን ሁሉ አዘጋጅቼ ነበር። «አንድ ወር ሞክሪው» አልኳት። «እኔም አለሁልሽ፤ በየቀኑ እመጣለሁ።»

«አውቃለሁ። አንቺ ትመጫለሽ።» እጄን ዳበሰችው። «ግን እኔ ስሄድ አንቺ ብቻሽን እንዳትቀሪ ብዬ አልኖርም ሲስተርዬ።»

በክፋት አይደለም ያለችው። እውነቷንም ነበር። ለእሷ ብዬ ስንት ዳገት እንደወጣሁ፣ ለራሴም ብዬ ስንቱን እንደወጣሁ መለየት አልችልም ነበር።

ቀጥላ የለመነችኝ ነገር ነው የከበደኝ። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ይማም እኔን አይሰማኝም፤ ተስፋ ቆርጣ ነው ይላል። አንቺን ያምንሻል። እንዲተወኝ ንገሪልኝ» አለችኝ።

አያ ይማምን የማሳው ጫፍ ላይ አገኘኋቸው። አጠገባቸው ቆምኩ። ብዙ ቤተሰብ አነጋግሬአለሁ፤ ሆስፒታል ውስጥ ግን ጋውን እለብሳለሁ፣ ኋላዬ ዶክተር አለ። እዚያ ማሳና ደመና ብቻ ነው ያለው።

«አያ ይማም፣ በቃሬዛ ብናወጣት ከመኪናው ሳትደርስ ልትሞትብን ትችላለች። ብትደርስም መድኃኒቱ እንደሚይዝላት ቃል ልገባልዎ አልችልም። እዚህ ከቆየች ደግሞ የቀሯት ቀናት ጥቂት ናቸው። ሁለቱም ከባድ ነው። ምርጫው ግን የእሷ ነው፣ እሷም መርጣለች።»

«እኔ ምን ላድርግ ታዲያ? እጄን አጣጥፌ ልያት?»

«አይ። እንዳታማት እናደርጋለን። እሱን ላሳይዎት።»

ፊታቸውን ወደ ቤቱ መለሱ። «ከደሴ ሳወጣት ገደልኳት እንዴ?» አሉ።

«አልገደሏትም። ቤቷ ነው ያመጧት።» ስናገረው ከልቤ እንደሆነ አወቅሁ።

እሑድ

ቀኑን ሙሉ ስናስተምርና ስንማር ዋልን። ሰኢዳ ፈጣን ናት፤ እጇም አይፈራም። አያ ይማም ግን ማንኪያው ላይ ሽሮፑን ሲለኩ ያፈሱታል። ደጋግመን ለካን። እንቅልፍ ከበዛባትና ትንፋሿ ከተራራቀ ቀጣዩን እንዲተዉት፣ ቁስሉን ከመንካታቸው በፊት ሽሮፑ እስኪይዛት እንዲጠብቁ፣ ጨርቁን በፍጹም በደረቁ እንዳይስቡ ነገርኳቸው። ትራስ ከጀርባዋ ደራርበን ትንፋሽ እንዲቀላት ቀና አድርገን አስቀመጥናት። ከንፈሯን በእርጥብ ጥጥ ማራስ የእሳቸው ሥራ ሆነ። ያንን ሲያደርጉ አንዲት ጠብታ አያፈሱም ነበር።

ጎረቤት እየገባ ዱዓ እያደረገ ይወጣል። ድሬ ታማሚ ጠያቂ ፍራፍሬና ቀልድ ይዞ ይመጣል፤ እዚህ ይዘው የሚመጡት ዝምታ ነው። ቁጭ ብለው «አፊያ ያርግሽ» ይሏትና አብረዋት ይቆያሉ። ዘሀራ ስትነቃ ለእያንዳንዱ እኔን ታስተዋውቃለች፦ «ይቺ የድሬዋ እህቴ ናት፤ በበቅሎ ነው የመጣችው» እያለች። በበቅሎው ይስቃሉ።

ሰኞ

ፈቃዴ አልቋል፤ ደሴ ማሽን ላይ የሚጠብቁኝ ሰዎች አሉ። ሽሮፑንና ፋሻውን ሁሉ ተውኩላቸው። ስሰናበታት ዳግም እንደማንገናኝ ሁለታችንም እናውቅ ነበር። ግንባሬን ይዛ መረቀችኝ፤ ዱዓዋ መሐል ላይ ትንፋሽ አጥሯት አረፈችና ቀጠለች። ሳትጨርሰው አልለቀቀችኝም።

«አሚን» አልኩ። በሩን ስወጣ ወደ ኋላ ብመለከት ሰኢዳ ነጠላዋን ስታስተካክልላት ነበር፤ ነጠላው ሲነካት አልጮኸችም።

የመመለሻው መኪና ሳይቆም ተጓዘ፤ ቺንጋም አልተበጠሰ፣ ጭጋግም አልነበረ። የመጣሁበትን አገር ያን ቀን ነው በደንብ ያየሁት፤ ገደሉን፣ ማሳውን፣ ጭስ የሚወጣቸውን ቤቶች። ደስ አላለኝም። ክፍሌን ከፍቼ ስገባ ሐሙስ ጧት ጠጥቼበት የተውኩት ብርጭቆ ጠረጴዛው ላይ እንዳለ ነው።

ማክሰኞ ሥራ ገባሁ። መድኃኒቱን ሌላ ሰው ጀመረው፤ ጭኑ ላይ ያ መረብ ገና መታየት የጀመረ መምህር ነው። በእጥበቱ መጨረሻ ላይ ሲንጠባጠብ ማቅለሽለሹን እየተከታተልኩ አጠገቡ ተቀመጥኩ። አሁን ይህን ስጽፍ መረቡ እየደበዘዘለት ነው፤ ሌሊት መተኛት ጀምሯል።

በዚያው ሳምንት አንድ አመሻሽ ላይ፣ ልብሴን እያጣጠፍኩ ሳለ ስልኬ ጠራ። የማላውቀው ቁጥር ነው። የአያ ይማምን ድምፅ ግን ወዲያው ለየሁት። ነፋስ ይሰማል፤ ኔትወርክ ፍለጋ ከፍታ ቦታ ላይ ወጥተው መሆን አለበት። ሰላምታው ረዘመ። ስለ ሥራዬ፣ ስለ ደሴ ዝናብ ጠየቁኝ። ስለ ዘሀራ ግን አላነሱም።

«አያ ይማም?»

«ሲስተር፣ አጠገብሽ ሰው አለ?»

መርዶ ብቻውን ላለ ሰው አይነገርም። እኔም ቤተሰብን ስንቴ «ከእናንተ ጋር ሌላ ሰው አለ?» ብዬ ጠይቄአለሁ። እኔን የጠየቀኝ ግን አልነበረም። አለ ብዬ ልዋሽ አሰብኩ።

«የለም» አልኳቸው።

«እንግዲያ ሰው ጥሪ። እጠብቅሻለሁ። ካርዱ ቢያልቅም መልሼ እደውላለሁ።»

ስልኩን እንደያዝኩ ወጥቼ የአከራዬን በር አንኳኳሁ። ግቢያቸው ውስጥ ይህን ያህል ጊዜ ኖሬ ከሰላምታ ያለፈ ነገር ተነጋግረን አናውቅም። እጃቸው ሊጥ እንደሆነ በሩን ከፈቱ፣ ፊቴን አዩ፣ ስልኩን አዩ።

«እማማ፣ አንድ ጊዜ አጠገቤ ይቁሙልኝ» አልኳቸው።

ለምን ብለው አልጠየቁኝም። እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠርገው ወጡና ክንዴን ያዙ።

«አያ ይማም» አልኩ፣ «አሁን ሰው አለ። ይንገሩኝ።»